የአንዲት ቃል አማና፦ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ



ሱረቱል ከህፍን ቀርታችሁ፣ ሰለዋቱንም አብዝታችሁ ስትጨርሱ ለዚህ ታሪክ ጥቂት ደቂቃ ስጡት።

እስቲ ስልካችሁ ላይ አንዲት ቃል ጻፉ፦ «ይበላል»። በጉ ይበላል ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? በጉ ሣር እየበላ ነው ወይስ በጉ ለዒድ ሊበላ ነው? ፊደሉ አንድ ነው። ልዩነቱ አፍ ላይ ሲጠብቅና ሲላላ ብቻ ነው የሚሰማው። እኛ አፋችንን የፈታንበት ቋንቋ ስለሆነ አንሳሳትም። ቋንቋውን ከወረቀት ለሚማር እንግዳ ግን በበላውና በተበላው መካከል ያለው ልዩነት ወረቀቱ ላይ የለም።

የዛሬው ባለታሪካችን ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ እንግዳ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ስሙ አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብኑ አሕመድ አል-ቢሩኒ ይባላል። ብዙዎቻችሁ የምድርን ስፋት የለካ የሥነ ፈለክ ሊቅ መሆኑን ሰምታችኋል። ዛሬ ግን ከኮከቦቹ ይልቅ ከቃላት ጋር ያደረገውን ትግል እናያለን።

ቢሩኒ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ973 (በ362 ሂጅራ) በኸዋሪዝም ምድር፣ ካስ በምትባል ከተማ አካባቢ ነው። ቦታው ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ይገኛል። የእናቱ ቋንቋ ዐረብኛ አልነበረም፤ ፋርስኛም አልነበረም። ዛሬ የሚናገረው ሰው የሌለ፣ ኸዋሪዝምኛ የተባለ ቋንቋ ነበር። ዐረብኛንም ፋርስኛንም የተማራቸው እንደ ባዕድ ነው። በሁለቱም ቤት እንግዳ መሆኑን ራሱ ጽፎታል። ለኢልም የመረጠው ግን ዐረብኛን ነው። በዘመኑ የግሪኩም፣ የሕንዱም፣ የፋርሱም እውቀት ተተርጉሞ የተሰበሰበው በዚያ ቋንቋ ነበርና።

ገና ወጣት ሳለ አንድ የሩም ሰው፣ ማለትም ግሪክኛ ተናጋሪ፣ ወደ አገሩ መጥቶ ተቀመጠ። ሌላው ልጅ ቢሆን እንግዳውን አይቶ ያልፋል። ቢሩኒ ግን ጥራጥሬውን፣ ዘሩን፣ ፍሬውን፣ ቅጠሉን እየያዘ ይሄድለት ጀመር። ይህን በእናንተ አገር ምን ትሉታላችሁ እያለ ይጠይቀዋል፤ የሰማውንም ይጽፋል። አስቡት! እጁ ውስጥ አንድ ፍሬ፣ አፉ ላይ አንድ ጥያቄ ይዞ የሚመላለስ ልጅ። ይህ ልማድ እስከ ሞቱ ድረስ አልለቀቀውም።

ግን የጻፈውን ሲያይ አንድ ነገር ያሳስበው ጀመር። ቁርኣን ቤት የተቀመጣችሁ ሁሉ ይገባችኋል። ባ፣ ታ፣ ሳ፣ ኑን እና ያ የተባሉት የዐረብኛ ፊደላት በቃል መጀመሪያና መሐል ላይ ሲመጡ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቡን አንሱት፤ ልጃገረድ የሚለው «ቢንት»፣ ቡቃያ የሚለው «ነብት» እና ቤት የሚለው «በይት» አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይሆናሉ። ዐረብ አንባቢ ዓረፍተ ነገሩን አይቶ ልጅቷን ከቤቱ ይለያል። ቃሉ ግን የግሪክ መድኃኒት ስም ቢሆንስ? ሥሩ ዐረብኛ አይደለም፤ በግምት የሚቃና አይደለም። ገልባጩ አንዲት ነጥብ ሲዘነጋ ቅጠሉ ሌላ ቅጠል ይሆናል። ፈዋሹ ተክል የነበረው ቦታ ላይ መርዙ ሊገባ ይችላል። ቢሩኒ የጥንት የግሪክ ሐኪሞች መጻሕፍት ተተርጉመው እያሉ እንኳ በስሞቹ ላይ እምነት መጣል እንዳልቻለ የጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የነጥብ ጉዳይ ነው። ከዚህ የሚከብደው ነጥቡም አናባቢውም ተሟልቶ ቃሉ ድንበር ሲሻገር የሚመጣው ነው።

የዐረብኛ ፊደል ከእስልምና ጋር ብዙ አገር ገባ። ፋርሶች ጻፉበት፤ ቱርኮች ጻፉበት፤ በእኛም አገር የሐረርና የወሎ ዓሊሞች ዐጀሚ እያሉ የራሳቸውን ቋንቋ ጻፉበት። ፊደሉ አንድ ሆነ፤ አፉ ግን ብዙ ነው። በፋርስኛ ሺን፣ ያ እና ራ ብላችሁ ብትጽፉ ወተት ይሆናል፤ አንበሳም ይሆናል። በጥንቱ ፋርስኛ ወተቱ «ሺር»፣ አንበሳው «ሼር» ይባል ነበር፤ አፍጋኒስታንና ታጂኪስታን ዛሬም እንዲሁ ይለዩታል። ኢራን ውስጥ ግን ድምፁም አንድ ሆኗል። እንግዲህ መድኃኒቱን ከምን ጋር እንደሚወስድ ያልገባውን በሽተኛ አስቡት!

ከዐረብኛ ወደ ፋርስኛ የገቡትንም ተመልከቱ። በቁርኣን ውስጥ ዱንያ የ«ጉሩር» መጠቀሚያ እንደሆነች ተነግሮናል፤ ጉሩር በዚያ ማታለል ነው። ፋርሱ ቃሉን ወስዶ ኩራት አደረገው። የኢብራሂም «ሚለት» ስንል መንገዱን፣ ሃይማኖቱን ማለታችን ነው። ቱርኩና ፋርሱ ግን ዛሬ ሚለት ሲል ሕዝብን፣ ብሔርን ማለቱ ነው። ያው ቃል፣ ያው ፊደል ነው፤ አንዱ ስለ ዲን ሲያወራ ሌላው ስለ አገር ይሰማል።

ከዐረብኛ ሳንወጣም ዳል፣ ያ እና ኑን አሉ። «ዲን» ብላችሁ ብታነቡት ሃይማኖት ነው። በፋቲሐ ውስጥ «የውሚዲን» ስንል ፍርድና ዋጋ መክፈያ ነው። «ደይን» ብላችሁ ብታነቡት ዕዳ ነው። በግእዝም «ደይን» ፍርድ ማለት ነው፤ የአማርኛው «ዳኛ»ም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ሦስት ፊደላት ሃይማኖትን፣ ፍርድንና ዕዳን ተሸክመዋል። ይህችን ቃል ያዟት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

ቢሩኒ በሰላም የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ995 አገሩ በጦርነት ሲናወጥ ተሰደደ፤ ከከተማ ከተማ እየተንከራተተ ጻፈ፤ ኋላም ተመለሰ። በ1017 ደግሞ የጋዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ኸዋሪዝምን ሲይዝ ቢሩኒን ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ወደ ጋዝና ወሰደው። ከተማዋ በዛሬዋ አፍጋኒስታን ውስጥ ናት። እዚያም የከተሞችን አቀማመጥ በስሌት እያወጣ የጋዝና ሰዎች ቂብላቸውን በትክክል የሚያውቁበትን መጽሐፍ ጻፈ።

የሱልጣኑ ጦር ወደ ሕንድ ሲዘምት ቢሩኒም ወደዚያ ምድር የመሄድ ዕድል አገኘ። ሌላው ምርኮና ወርቅ ሲቆጥር እሱ ሳንስክሪት መማር ጀመረ። ዕድሜው ከ40 አልፎ ነበር። በሕንድ ሊቃውንት ፊት እንደ ደረሳ ተቀመጠ። ቃሉን ከአፋቸው ይሰማል፤ ደጋግሞ ያስተካክላል፤ ተጠንቅቆ በዐረብኛ ፊደል ይጽፈዋል። ከዚያ የጻፈውን ሲያነብላቸው እነሱ ራሳቸው ቃላቸውን ለማወቅ ይቸገራሉ! ይህን ውድቀቱን አልደበቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማ ስለ ሕንድ በጻፈው ትልቅ መጽሐፉ መግቢያ ላይ አስቀምጦታል። ከሳንስክሪት ድምፆች አንዳንዶቹ በዐረብኛም በፋርስኛም የሉም። ደግሞም አንድ ቃል ብዙ ነገር ይሆናል፤ አንድ ነገር ብዙ ስም አለው። ዐረብኛም እንዲሁ እንደሆነ አልካደም።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከመድኃኒት ወደ እምነት ተሻገረ። «ዴቭ» የሚለውን ውሰዱ። ለፋርስ ሰው ሰይጣን፣ ጭራቅ ነው። ለሕንዱ ያው ከአንድ ሥር የወጣው ቃል የሚመለክ ነገር ስም ነው። በዐረብኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱን የሚለይ የለም። አንድ ፋርሳዊ ሕንዶች ዴቭን ያከብራሉ የሚል ጽሑፍ ቢያነብ ምን ይገባዋል? ሰይጣን አምላኪ ናቸው ብሎ ይደመድማል። የሕንዶች እምነት ስሕተት ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ያላሉትን አሉ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ክርክር ነው፤ ሁለተኛው ውሸት ነው።

ቢሩኒ በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ስለ መለኮት ስሞች ረጋ ብሎ ያብራራል። «አላህ» የሚለው ስም በዐረብኛ ለሌላ አይሰጥም። «ረብ» ግን የቤት ባለቤት፣ የንብረት ባለቤት ሲባል ለሰውም ይውላል። በሌሎች ቋንቋዎች «አባት» የሚለው ቃል ለሚከበር ሰው እንደ ጌታ ሊነገር ይችላል፤ በዐረብኛ ግን አባትና ልጅ ሲባል መውለድን ያመጣል፤ ስለዚህ ለአላህ አይታሰብም። ቢሩኒ ተውሒዱን አላላላም፤ አቋሙንም አልሸሸገም። ግን ሰዎቹ በገዛ ቋንቋቸው ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳይለይ አልፈረደም።

ለእኛ ይህ ሩቅ አይደለም። አላህን ጌታችን እንላለን። ትልቁንም ዓሊም በወሎ ጌታው እያልን እናከብራለን። የማናውቀውን ሽማግሌ አባባ ብለን እንጠራለን። አማርኛ የማያውቅ ሰው ይህን በመዝገበ ቃላት ቃል በቃል ተርጉሞ ቢፈርድብን ምን ይሰማን ነበር?

በዚያው ዘመን የሆነ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ሱልጣን ማሕሙድ እ.ኤ.አ. በ1027 አካባቢ በላሆር ያሠራው የብር ዲርሃም ነበር። በአንድ ፊቱ ሸሃዳው በዐረብኛ፣ በሌላው ፊቱ በሳንስክሪት ተጽፎበታል። ችግሩ ለ«ረሱል» የሚመጥን ቃል መፈለጉ ላይ መጣ። የተመረጠው «አቫታር» የሚለው ነው። ይህ ቃል ለሕንዱ የሚያሰማው አምላክ በሥጋ ወደ ምድር መውረዱን ነው፤ ሸሃዳው ደግሞ የሚናገረው የዚህን ተቃራኒ ነው። በአንድ ቃል ምክንያት የሳንቲሙ ሁለት ፊት ሁለት ነገር ተናገረ። ቢሩኒ ለምን በቃላት ላይ ያን ያህል እንደተጨነቀ አሁን ይገባችኋል።

ከማሕሙድ በኋላ ልጁ መስዑድ ነገሠ። ቢሩኒ ትልቁን የሥነ ፈለክ መጽሐፉን በስሙ ጻፈለት። ሱልጣኑ በአንድ ዝሆን ጭነት ብር ቢልክለት እንደማያስፈልገው ገልጾ መለሰው ይባላል።

እና ወደ መጨረሻው እንምጣ። ሰማንያ የጨረቃ ዓመት አልፎታል። ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮውም ደክሟል። በዚህ ዕድሜ ምን ጻፈ መሰላችሁ? «ኪታቡ ሰይደና» የተባለውን የመድኃኒት መጽሐፍ። አንድ የጋዝና ሐኪም እያገዘው እያንዳንዱን መድኃኒት በዐረብኛ፣ በግሪክኛ፣ በሱርያንኛ፣ በፋርስኛ፣ በሕንድ ቋንቋ፣ አልፎም በራሱ በኸዋሪዝምኛ ምን እንደሚባል መዘገበ። ያ ፍሬ ይዞ ወደ ሩሙ ሰው ይመላለስ የነበረው ልጅ ሥራውን የጨረሰው በዚህ ነው። ሐኪም በስም ተሳስቶ ሰው እንዳይገድል፣ ስሙንና ነገሩን አንድ በአንድ አገናኘ። ቃል ምን ያህል እንደሚጓዝ ለማየት እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረውን ዝንጅብል ብቻ ተመልከቱ። ከሕንድ ተነሥቶ፣ በፋርስ አልፎ፣ «ዘንጀቢል» ሆኖ በቁርኣን የጀነት መጠጥ ውስጥ ተጠቅሶ፣ የእኛም ጓዳ ደርሷል።

ታሪክ ጸሐፊው ያቁት አል-ሐመዊ የሞቱን ነገር አስተላልፎልናል። አንድ የፊቅህ ሰው ሊጠይቀው ገባ። ቢሩኒ እያጣጣረ ነው። ያም ሆኖ ከዚህ በፊት ስለ አያቶች የውርስ ድርሻ የነገረውን እንዲያብራራለት ጠየቀው። ሰውየው አዘነለት፤ በዚህ ሁኔታህ ላይ ሆነህ ነው የምትጠይቀኝ አለው። ቢሩኒ ነገሩን ሳያውቅ ከሚሄድ አውቆት ከዱንያ ቢሰናበት እንደሚሻል መለሰለት። ሰውየው አብራራለት፤ ቢሩኒም በቃሉ ደገመው። ፈቂሁ ገና መንገድ ላይ ሳለ የለቅሶ ድምፅ ሰማ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1050 አካባቢ ነበር። ረሒመሁላህ።

አሁን ወደዚያች ባለ ሦስት ፊደል ቃል እንመለስ። ቢሩኒ በሚሞትባት ሰዓት የጠየቀው ስለ ሰው ሐቅ ነው፤ ማን ስንት ይደርሰዋል የሚለውን ነው። በቃላትም ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሐቁን ሰጠው። የሰው ቃል እጃችን ሲገባ ዲናችን በእሷ ይፈተናል፤ ካጣመምናት ዕዳ ትሆንብናለች፤ በየውሚዲን እንጠየቅባታለን።

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! ዛሬ ነጥብ የሚዘነጋው ገልባጭ እኛ ነን። ከአንድ ረጅም ንግግር ሦስት ቃል ተቆርጣ ትደርሰናለች፤ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈች ጽሑፍ በስልክ ተተርጉማ ትመጣለች፤ እኛም ሰውየውን ከዲን አስወጥተን ወደ ቀጣዩ እናልፋለን። ሱረቱል ሑጁራት የመጣውን ወሬ እንድናጣራ ያዘዘችን እኮ በስሕተት ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ነው። በዚህ ሳምንት ያላጣራችኋት አንዲት ቃል አስተላልፋችሁ ከሆነ፣ ዛሬ ሳይመሽ ተመለሱባት። ባለቤቱን ጠይቁ፤ ከተሳሳታችሁም ባሰራጫችሁበት ቦታ ላይ አርሟት።

አላህ ምላሳችንንና ጣታችንን ከማናውቀው ነገር ይጠብቅልን። ጠቃሚ ኢልም ይወፍቀን። አሚን።