ዣክ ኢቭ ኩስቶ፦ ከከተማ ባሕር ዳርቻ እስከ ፊልም ስክሪን

ሰሚት ለሚኖር ሰው ባሕር ሩቅ ነገር ነው። እኛ ሰፈር ውኃ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፈረቃውና ጀሪካኑ ነው። መዋኘት ያማረው ቢሾፍቱ ወርዶ ባቦጋያ ሐይቅ ይገባል፤ ባሕር ያማረው ግን ጅቡቲ ድረስ መሄድ ይኖርበታል። አገራችን ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም። ታዲያ ምን አግብቶህ ስለ ባሕር ጠላቂ ትጽፋለህ የሚለኝ የክፍል ጓደኛ አይጠፋም። ምክንያቴ ካሜራው ነው። ዘጋቢ ፊልም የሚማር ሰው ዣክ ኢቭ ኩስቶን ዘሎ ማለፍ አይችልም። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩስቶ በ1910 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክ በምትባል ከተማ ተወለደ። የባሕር ኃይል መኮንን ሆነ፤ ሕልሙ ግን አየር ላይ ነበር። የባሕር ኃይሉ አብራሪ ለመሆን እየሰለጠነ ሳለ በ1936 ክፉኛ የመኪና አደጋ ደረሰበትና ክንዶቹ ተሰባበሩ። አብራሪነቱ በዚያው ቀረ። ቱሎን ወደምትባለው የጦር ወደብ ከተማ ሲመደብ፣ ፊሊፕ ታይዬ የሚባል የሥራ ባልደረባው ክንዶቹ እንዲጠነክሩ እንዲዋኝ መከረው፤ የውኃ ውስጥ መነጽርም አስተዋወቀው።

እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መነጽሩን አድርጎ የገባው ሌ ሙሪዮን የሚባለው ዳርቻ ላይ ነበር። ይህ ቦታ የከተማው ሰው እሑድ እሑድ የሚዝናናበት እንጂ ሩቅ ደሴት አይደለም። ጀልባ አያስፈልግም፤ ከአሸዋው እየተራመዱ መግባት ነው። ቀና ሲል የከተማውን ትራንስፖርት፣ የመብራት ምሰሶውንና ሰዉን ያያል፤ ፊቱን ውኃ ውስጥ ሲነክር ደግሞ ከተማው ድራሹ ይጠፋና ድንጋዩ፣ ሣሩና አሣው ይመጣል። ከዚያ ቀን በኋላ ሐሳቡ ሁሉ ባሕር ሆነ። ኩስቶ፣ ታይዬና ፍሬደሪክ ዱማ የሚባል ጎበዝ አሣ አዳኝ ሦስት ሆነው በአካባቢው ያሉትን ዳርቻዎች እየዞሩ ይጠልቁ ጀመር።

ችግሩ ትንፋሽ ነበር። ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ አንድ አሣ ዓይቶ ሳይጠግብ መውጣት ግድ ይሆናል። ኩስቶ በመጀመሪያ በንጹሕ ኦክስጅን ሞከረ። ብዙዎቻችን ጠላቂዎች ጀርባቸው ላይ የሚሸከሙት ኦክስጅን ይመስለናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተራ አየር ነው፣ ታምቆ የተሞላ። ንጹሕ ኦክስጅን ጥቂት ሜትሮች ወረድ ሲባል መርዝ ይሆናል። ኩስቶንም ውኃ ውስጥ አንቀጥቅጦት ለጥቂት ከሞት ተረፈ።

መፍትሔው የመጣው ከመኪና ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? በጦርነቱ ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ቤንዚን ጠፍቶ መኪናዎች በጋዝ ይነዱ ነበር። ኤሚል ጋኛን የተባለ መሐንዲስ ለዚሁ ጋዝ የሚሆን መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር፤ ሁለቱ ተገናኝተው መሣሪያውን ለሰው ሳንባ አስተካከሉት። ሥራው ለማስረዳት አይከብድም። በየ10 ሜትሩ የውኃው ግፊት በአንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨምራል። መቆጣጠሪያው ደግሞ ጠላቂው በሳበ ቁጥር በዙሪያው ካለው ውኃ ግፊት ጋር እኩል የሆነ አየር ይሰጠዋል፤ ሳይስብ ይዘጋል። በ1943 መጀመሪያ ፓሪስ አጠገብ ማርን ወንዝ ውስጥ ሲሞክሩት አስቸገረ፤ አስተካክለው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ባንዶል አጠገብ ወዳለ ስውር ዳርቻ ይዘውት ወረዱ። ስውር ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ አካባቢውን የጣሊያን ወታደሮች ይዘውት ነበር። እኛ ከሁለት ዓመት በፊት ያስወጣናቸው ጣሊያኖች እዚያም ነበሩ ማለት ነው! ባለቤቱ ሲሞን ከላይ በመነጽር እየዋኘች ትጠብቀው ነበር። ለእኔ ከኩስቶ ሕይወት ትልቁ ቀን ይሄ ነው።

ጦርነቱ ቤተሰቡንም ከፍሏል። ታላቅ ወንድሙ ፒየር አንትዋን እንደኛ የጋዜጠኝነት ሰው ነበር፤ ነገር ግን አይሁድን የሚያጥላላና ናዚዎችን የሚደግፍ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። በ1946 ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስር ተለውጦለት በ1958 ሞተ። ስለ ጋዜጠኞች ስናጠና እንዲህ ያሉትም ቢጠኑ አይከፋም።

መሣሪያው ብዙ ሰው አስደስቷል፤ ዋጋም አስከፍሏል። በ1947 ሞሪስ ፋርግ የሚባል የቡድኑ አባል ምን ያህል መጥለቅ እንደሚቻል ለማየት ወረደ። ገመዱ ላይ በየርቀቱ ሰሌዳዎች ታስረዋል፤ የደረሰበትን ለማሳየት ይፈርምባቸዋል። 120 ሜትር ላይ ያለው ሰሌዳ ላይ ፊርማው ተገኘ፤ ሰውየው ግን ሲጎተት የሚተነፍስበት ከአፉ ወጥቶ፣ ሕይወቱ አልፎ ነበር። በጥልቀት ላይ በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ የሰከረ ሰው አደጋውን አያይም።

ከዚያ በኋላ ኩስቶ ከዳርቻው ራቀ። ካሊፕሶ የተባለችውን የቀድሞ ፈንጂ ጠራጊ መርከብ በ1950 አገኘ፤ የገዛለት እንግሊዛዊ ባለጸጋ ኪራዩን በዓመት አንድ ፍራንክ አደረገለት። የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ በ1951 ወደ ቀይ ባሕር ነበር፣ ከዳህላክ ማዶ ወዳሉት የፋራሳን ኮራሎች። ከሌላ ጉዞ ደግሞ ከወጣቱ ሉዊ ማል ጋር የሠራው «ዝምተኛው ዓለም» የተባለው ፊልም ተወለደና በ1956 ካን ላይ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ኦስካር ተጨመረለት።

ፊልሙን ያየሁት በሞባይል ነው። መጀመሪያው ላይ ጠላቂዎቹ ችቦ ይዘው ሲወርዱ ያስደነግጣል፣ ያምራል። ቀጥሎ ግን ጉዱ ይመጣል። የባሕሩን አሣ ለመቁጠር ብለው ኮራል ውስጥ ድማሚት ያፈነዳሉ። የመርከቧ ተሽከርካሪ ያቆሰለውን የዓሣ ነባሪ ግልገል ሻርኮች ሲበሉት፣ መርከበኞቹ በንዴት ሻርኮቹን ጎትተው እያወጡ በመጥረቢያ ይፈጃሉ። ግልገሏን ማን አቆሰላት? ራሳቸው። ታዲያ ሻርኩ ምን አጠፋ? አንዳንድ ጓደኞቼ ዘመኑ ነው፣ ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር ይላሉ። እኔ አልዋጥልህ ብሎኛል። ካሜራ ሲኖር ሰው ደፋር ይሆናል፤ ትዕይንት ስለሚያስፈልገው ያልነበረ ጦርነት ይፈጥራል። የኛም ሪፖርተሮች ለቅሶ ቤት ማይክ ይዘው ሲገቡ አንዳንዴ ይሄው ነው የሚታየኝ። ሆኖም አንድ ነገር አልክድም፤ ሥጋቱን አልቆረጠውም፣ ስክሪኑ ላይ ትቶታል። እኔም ልወቅሰው የቻልኩት ስላሳየኝ ነው።

ሰውየውም እዚያው አልቆመም። በ1960 ፈረንሳይ የኑክሌር ዝቃጭ ሜዲትራኒያን ውስጥ ልትጥል ስታስብ ከተቃወሙት ዋነኛው ነበር። በ1963 ሱዳን አጠገብ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ቤት ሠርቶ ሰዎችን ለአንድ ወር በ10 ሜትር ጥልቀት አኖረ። ከ1968 ጀምሮ የቴሌቪዥን ፊልሞቹ ቀይ ኮፍያውን በየአገሩ አስተዋወቁ። ኋላም አንታርክቲካ ውስጥ ማዕድን እንዳይቆፈር ፊርማ አሰባሰበ፤ በ1991 የተፈረመው ስምምነት ቁፋሮውን ከልክሏል።

መጨረሻው ኀዘን የበዛበት ነበር። ልጁ ፊሊፕ በ1979 ሊዝበን ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሲሞን በ1990 አረፈች። በ1996 ካሊፕሶ ሲንጋፖር ወደብ ላይ ሌላ መርከብ ገጭቷት ሰጠመች። እሱም በሰኔ 1997፣ በ87 ዓመቱ፣ ፓሪስ ውስጥ አረፈ። የተቀበረው በተወለደባት በሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክ ነው። እዚያ ወንዝ አለ፤ ባሕር ግን የለም።