ፍሬንም መሪም የሌለው ጫማ፦ የጆን ጆሴፍ መርሊን ሕይወት

ኢንላይን ሆኪ ሊጀምር ጫማ የሚገዛ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ቀጥሎ ዋጋውን። ከሥር በአንድ መስመር የተደረደሩት አራት ጎማዎችና እነሱን የያዘው ፍሬም ትዝ የሚሉት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ልምምድ፣ ግድግዳው ወደ እሱ መምጣት ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ይቀራሉ። እንዴት ልታጠፍ? እንዴት ልቁም? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከሁሉ ቀድሞ በገዛ አካሉ እንደተጋፈጣቸው የሚነገርለት ሰው፣ ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ የሆነው የሰዓትና የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ጆን ጆሴፍ መርሊን ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ አንድ ቃል። «ስኬት» ብለን በፊደላችን ስንጽፈው አንባቢ መሳካት ብሎ እንዳያነብብን፣ እዚህ ባለጎማ ጫማ እያልን እንቀጥላለን። የመርሊን ጫማ ከመሳካት ጋር ብዙም ስለማይተዋወቅ ይህ ሳይሻል አይቀርም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መርሊን በ1735 ዊ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ በቤልጅየም ውስጥ ትገኛለች፤ ያኔ ግን ቤልጅየም የምትባል አገር ገና አልነበረችም፤ ዊ የሊዬዥ ጳጳስ ከሚገዛቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ወጣቱ መርሊን ወደ ፓሪስ ሄዶ ስድስት ዓመት ያህል ሰዓትና የሙዚቃ መሣሪያ ሲሠራ ቆየ። በሞላ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶችም ይሠራ ነበር። በ1760 አዲሱ የስፔን አምባሳደር ኮንት ዴ ፉዌንቴስ ወደ ለንደን ሲሻገር፣ መርሊን ከቤተሰቦቹና ከአሽከሮቹ ጋር ተቆጥሮ አብሮ ገባ። ገና 25 ዓመት አልሞላውም። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ኑሮው እዚያው ሆነ። እንግሊዝኛው ግን አልተስተካከለም። ወዳጆቹ በአነጋገሩ ይስቁ እንደነበር፣ እሱም ሳይሸማቀቅ ያሰበውን ሁሉ በዚያው እንግሊዝኛ ይናገር እንደነበር ታሪኩን የጻፉ ሰዎች አስቀምጠዋል። ሰው አገር ኖሮ ይህን የማያውቅ አንባቢ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ለንደን ውስጥ ጄምስ ኮክስ የሚባል የጌጣጌጥ ነጋዴ ነበር። ኮክስ በወርቅና በዕንቁ ያጌጡ፣ ሞላቸው ሲጠመዘዝ የሚዘፍኑና የሚንቀሳቀሱ ዕቃዎች እያሠራ እስከ ቻይና ድረስ ይልክ ነበር። በኋላም ሙዚየም ከፍቶ ለሕዝብ በክፍያ አሳየ። የኮክስ ዋና መካኒክ መርሊን ነበር። ከዚያ ቤት ከወጡት ሥራዎች እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሳው በ1773 የተሠራው የብር ዝይ መሳይ ወፍ፣ የብሩ ስዋን ነው። በእውነተኛ ወፍ ቁመት የተሠራ ሲሆን፣ ውኃ በሚመስሉ የመስታወት ዘንጎች ላይ ተቀምጦ አንገቱን ያዞራል፤ ጎንበስ ብሎም ትንሽ ዓሣ በመንቁሩ ያነሳል። ዛሬ በሰሜን እንግሊዝ በቦውስ ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየሙ ግን በኮክስ ስም ነበር የሚጠራው፤ ከውጭ የሚመጣው ተመልካች የሚያየው የነጋዴውን ስም ነበር።

መርሊን ከኮክስ ከተለየ በኋላ በራሱ ስም መሥራት ጀመረ። በ1773 ሥጋ እያዟዟረ ለሚጠብስ የምድጃ መሣሪያ ፓተንት አወጣ። በ1774 ደግሞ የሃርፕሲኮርድንና የፒያኖን አሠራር በአንድ ሣጥን ላጣመረ መሣሪያ ሌላ ፓተንት ወሰደ። በ1777 ለታዋቂው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ ስድስት ኦክታቭ ያለው ፒያኖ ሠራለት። ሠዓሊው ቶማስ ጌንዝቦሮ ወዳጁ ስለነበረ ሥዕሉን ሣለው፤ በሥዕሉ ላይ መርሊን የወርቅ ሳንቲም መመዘኛ ትንሽ ሚዛን በእጁ ይዟል። ሚዛኑም የራሱ ሥራ ነው።

እንግዲህ ያቺ ምሽት። ሶሆ አደባባይ ላይ ካርላይል ሃውስ የሚባል ትልቅ ቤት ነበር። የተከራየችው፣ ያስጌጠችው፣ የለንደንን ባለጸጎች ጭምብል እያስለበሰች የምታስጨፍርበት ተሬዛ ኮርኔሊስ የምትባል የቬኒስ ተወላጅ ዘፋኝ ነበረች። እሷም እንደ መርሊን ከውጭ የመጣች ናት፤ ቤቱ ለዓመታት ከተማውን ሁሉ ሲስብ ቆይቶ ከሰረ፤ እሷም በመጨረሻ በዕዳ ምክንያት እስር ቤት ሞተች። መርሊን ደግሞ የጭምብል ድግስ ይወድ ነበር። ሌላው ሰው ልብስ ተከራይቶ ሲመጣ፣ እሱ መሣሪያ ሠርቶ ይመጣል። በአንዱ የኮርኔሊስ ድግስ ላይ ታዲያ ከሥራቸው ትናንሽ የብረት መንኮራኩሮች የተገጠሙላቸው ጫማዎች አድርጎ፣ ቫዮሊን እየተጫወተ በእንግዶቹ መሃል መንሸራተት ጀመረ።

ፍጥነቱን የሚቀንስበት ነገር አልሠራም። አቅጣጫውን የሚቀይርበትም አልነበረውም። ከ500 ፓውንድ በላይ ከሚያወጣ ትልቅ የግድግዳ መስታወት ጋር ተላተመ። መስታወቱ ደቀቀ፣ ቫዮሊኑ ተሰባበረ፣ እሱም ክፉኛ ቆሰለ። በዚያ ዘመን 500 ፓውንድ አንድ የእጅ ባለሙያ በብዙ ዓመት የማያገኘው ገንዘብ ነው።

የሚያስቅ ታሪክ ነው፤ ሲነገርም የኖረው ለማሳቅ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ነው። የወፍ አንገት በጥርስና በሞላ አስልቶ የሚያንቀሳቅስ እጅ እንዴት ይህን ሳተ? መልሱ ያለው ጎማውና ፍሬሙ ላይ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከጋራዥ በተለመነ ኩሽኔታ የተሠራውን የሕፃናት ጋሪ ያስታውሳል። ሁለት ጣውላ፣ ሦስት ወይም አራት ኩሽኔታ፣ አንድ ገመድ። ቁልቁለት ላይ ሲለቀቅ የብረቱ ጩኸት ሰፈሩን ያናውጣል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደስ ይላል፤ ለመታጠፍ ሲሞከር ግን ብረቱ አስፋልቱን አይቆነጥጥም፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ማቆሚያው የልጁ ተረከዝ ነው። የእናት ቁጣም የሚመጣው ከዚያ ከተበላው ተረከዝ ነው። መርሊን በአዳራሽ ወለል ላይ የገጠመው ይኸው ነው፤ ብረት በጠጣር ወለል ላይ ይሮጣል እንጂ አይይዝም። በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው ስለቱን ወደ ጎን ሲያዞር ስለቱ በረዶውን ይቆርጣል፣ ያቆመዋል። ወለል ግን አይቆረጥም።

ሁለተኛው ችግር አደራደሩ ነው። ስለ ባለጎማ ጫማ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የመርሊንን መንኮራኩሮች በአንድ መስመር እንደነበሩ አድርገው ይተርኳቸዋል። እኩል የሆኑ ጎማዎች በአንድ መስመር ተደርድረው ሁሉም መሬት ሲነኩ፣ ጫማው እንደ ባቡር ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ለመታጠፍ ከጎማዎቹ ገሚሶቹ ወደ ጎን መፋቅ አለባቸው። በ1819 ፓሪስ ውስጥ ፔቲብሌድ የተባለ ሰው ፓተንት ያወጣበት ባለሦስት ጎማ ጫማም ይኸው ጣጣ ነበረበት። መፍትሔው በ1823 ከአንድ የለንደን ፍራፍሬ ሻጭ መጣ። ሮበርት ጆን ታይርስ በፒካዲሊ ፍራፍሬ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ባለአምስት ጎማውን ጫማ ሲሠራ መካከል ያሉትን ከዳርና ዳሩ ተለቅ አደረጋቸው። በዚህም ጫማው እንደ ጀልባ ሆድ ጎበጥ አለ፤ መሬት የሚነኩት ጥቂቶቹ ብቻ ስለሆኑ ሰውየው ክብደቱን ወደፊትና ወደኋላ እያደረገ መታጠፍ ቻለ።

ዛሬ የሆኪ ተጫዋቾች ሮከር የሚሉት ይህንኑ ነው። መጠምዘዝ የሚያዘወትር ተጫዋች ዳርና ዳሩን በትንሹ አነስ አድርጎ ይገጥማል፤ ቀጥታ ፍጥነት የሚሻ አራቱንም እኩል ያደርጋል። ሌላው የተለመደ ፍሬም ከፊት ሁለት 76 ሚሊሜትር፣ ከኋላ ሁለት 80 ሚሊሜትር ጎማ የሚይዘው ነው፤ ተጫዋቹን ትንሽ ወደፊት ያዘነብለዋል፣ ለመነሳትም ይፈጥናል። የብረቱ ጉዳይ የተፈታው ግን ከታይርስ ብዙ ዘግይቶ፣ በ1970ዎቹ ፖሊዩሪቴን የሚባለው ፕላስቲክ ጎማ መሆን ሲጀምር ነው። በ1980 ገደማ በሚኒያፖሊስ የሆኪ ተጫዋች የነበረው ስኮት ኦልሰን በአንድ መስመር የተደረደረውን አሮጌ ጫማ አግኝቶ፣ በረዶ በሌለበት በበጋ ለመለማመድ ሲል ያሻሻለው በዚሁ ጎማ ነው። ሮለርብሌድም ከዚያ ተወለደ።

የሆኪ ጫማ ዛሬም የተረከዝ ፍሬን የለውም። ተጫዋቹ የሚቆመው ጫማውን ወደ ጎን አዙሮ ጎማውን ወለሉ ላይ በመፋቅ ስለሆነ፣ ፍሬኑ ራሱ ጎማው ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ የሚያስፈልገው። ከ«ኤ» ፊደል ጋር 74 ወይም 76 የሚል ለስላሳ ነው፤ በጂምናዚየም ልሙጥ ወለል ላይ ቆንጥጦ ይይዛል፣ አስፋልት ላይ ግን በሳምንታት ይበላል። 82 ወይም 84 የሚለው ጠንካራ ነው፤ አስፋልት ይችላል፣ ጂም ውስጥ ግን እንደ መርሊን ያደርጋል። ከባድ ሰው በአንድ ደረጃ ጠንከር ያለውን ቢወስድ ይሻለዋል። የምንጫወትበትን ወለል ሳናውቅ በቅናሽ የተገኘውን መግዛት ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው፤ መስታወቱ ባይኖርም ግድግዳው አለ።

ወደ መርሊን እንመለስ፤ ምክንያቱም ሰውየው መሪና ፍሬን የማያውቅ ሆኖ አልነበረም። ሪህ ለታመሙና መራመድ ላቃታቸው ሰዎች ተሽከርካሪ ወንበር ሠርቷል። የተቀመጠው ሰው በሁለቱ የእጅ መደገፊያዎች ጫፍ ያሉትን እጀታዎች ሲያሽከረክር፣ ኃይሉ በጥርስ ወደ ጎማዎቹ ይተላለፋል። አንዱን ብቻ ሲያዞር ይታጠፋል፤ ማሽከርከሩን ሲተው ይቆማል። ገፊ አያስፈልገውም። ድግሱ ላይ የጎደለው ሁሉ እዚህ ላይ አለ፣ ለዚያውም በታማሚው እጅ። እኔ ከብሩ ስዋን ይልቅ ይህን ወንበር እመርጣለሁ። እሱ ከሞተ በኋላም እንግሊዞች እንዲህ ያለውን የበሽተኛ ወንበር ለረጅም ጊዜ የመርሊን ወንበር ይሉት ነበር።

በ1780ዎቹ በሃኖቨር አደባባይ አጠገብ በፕሪንስስ ስትሪት የራሱን ሙዚየም ከፈተ። በዚህ ጊዜ በሩ ላይ ያለው ስም የራሱ ነው። የሄደበትን ርቀት የሚቆጥር መሣሪያ በተገጠመለት ሠረገላውም ከተማውን ይዞር ነበር፤ ማስታወቂያም መዝናኛም ነበር። ሙዚየሙን ሊያዩ ከመጡት ልጆች አንዱን እናቱ ይዛው መጣች። መርሊን የልጁን ጉጉት አይቶ ላይ ወዳለው የሥራ ክፍሉ አወጣውና፣ ገና ያልተጠናቀቁ ሁለት ትናንሽ የብር ሴቶች አሳየው፤ አንደኛዋ ጣቷ ላይ ወፍ ይዛ የምትደንስ ነበረች። ልጁ ቻርልስ ባቤጅ ነበር፤ በኋላ የሒሳብ ማሽን ለመሥራት ዕድሜውን የሰጠው፣ በኮምፒውተር ታሪክ ስሙ መጀመሪያ ላይ የሚጠራው ሰው።

መርሊን በግንቦት 1803 ሞተ። ሙዚየሙ በ1808 ተዘጋ፤ ዕቃው ተበተነ። የመስታወቱ ታሪክ ዛሬ በምናውቀው መልኩ በመጽሐፍ የታተመው በ1825፣ ቶማስ በስቢ ስለ ሙዚቀኞች ጨዋታዎችን ሲሰበስብ ነው፤ ባለቤቱ ከሞተ 22 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የብሯ ደናሽ ደግሞ ሌላ ሙዚየም ውስጥ ተረስታ ከርማ በ1834 ለጨረታ ወጣች። ባቤጅ በ35 ፓውንድ ገዛት፤ ፈታትቶ ጠገናት፣ ልብስ አሰፋላት፣ ከሒሳብ ማሽኑ ክፍል ብዙም ሳትርቅ እንግዳ መቀበያው ውስጥ አቆማት። ቤቱ የሚመጡት እንግዶች አብዛኞቹ ማሽኑን ትተው የሚከቡት እሷን ነበር፤ እሱም በዚህ ቅር ይሰኝ ነበር።