ሃራልድ ስቨርድሩፕ፤ በሹክሹክታ የተፈረደበት የባሕር ሊቅ

በውቅያኖስ ውስጥ የሚጓዝ ጅረት የሚሸከመው ውኃ ዛሬም የሚለካው በአንድ ኖርዌያዊ ስም ነው፤ 1 ስቨርድሩፕ ማለት በሰከንድ 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ስሙ ለመለኪያነት የበቃው ይህ ሰው ግን በሕይወት ሳለ የገዛ ታማኝነቱ በሐሜት ተመዝኖ ጎደሎ ተብሏል።

ሃራልድ ስቨርድሩፕ በ1888 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በምዕራብ ኖርዌይ፣ ሶግንዳል ተወለደ። ከ1918 እስከ 1925 የታዋቂው አሳሽ የሮአልድ አሙንድሰን የሰሜን ዋልታ ጉዞ የሳይንስ ኃላፊ ነበር። በ1936 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ዳይሬክተር ሆነ። በ1942 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ግዙፍ መጽሐፍም የሙያው ዋና መማሪያ ለመሆን በቃ።

ፈተናው የመጣው ከጦርነቱ ጋር ነው። በ1941 ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን በድምፅ ለማደን በሚደረገው ምርምር እንዳይሳተፍ የምስጢር ሥራ ፈቃድ ተከለከለ። በይፋ የተሰጠው ምክንያት በጀርመን በተያዘችው ኖርዌይ ያሉት ዘመዶቹ መያዣ ሊሆኑበት ይችላሉ የሚል ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ምስጢርነታቸው የተነሣላቸው ሰነዶች የተናገሩት ሌላ ነው፤ የራሱ ተቋም ባልደረቦች የናዚ ደጋፊ ነው ብለው ጠቁመውት ነበር። የጥቆማው ሥር የሙያ አለመግባባትና የግል ጥርጣሬ ነበር። ክስ አልቀረበበትም፤ ምስክር ፊት ለፊቱ አልቆመም። ክስ የሌለበት ፍርድ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ኋላ በባሕር ኃይል ውስጥ ይሠራ የነበረው የቀድሞ ተማሪው ሮጀር ሬቬል የተወሰነ ፈቃድ አስገኘለት። ስቨርድሩፕም ከወጣቱ ዋልተር ሙንክ ጋር የባሕር ማዕበልን አስቀድሞ የመተንበያ ዘዴ ፈጠረ። ዘዴው ከመርከብ ወደ ጠረፍ የሚወርዱ የተባበሩት ኃይሎች ወታደሮችን ሕይወት እንዳተረፈ ከጦርነቱ በኋላ ተመስክሮለታል። ተጠርጣሪው የመለሰው በሥራው ነበር።

በ1948 ወደ አገሩ ተመልሶ የኖርዌይ ዋልታ ጥናት ተቋምን መራ። በ1953 ደግሞ ስለ ፋይቶፕላንክተን፣ ማለትም በዓይን ስለማይታዩት የባሕር ዕፅዋት፣ አጭር ጥናት አሳተመ። እነዚህ ዕፅዋት ምግባቸውን የሚሠሩት በፀሐይ ብርሃን ነው፤ ብርሃን ግን በጥልቀቱ ልክ በፍጥነት ይመናመናል። በክረምት ነፋስና ብርድ ውኃውን እስከ ታች ሲያማስሉት ዕፅዋቱ አብረው ወደ ጨለማው ይወርዳሉ። ስቨርድሩፕ በኖርዌይ ባሕር በ1949 ከተሰበሰቡ ልኬቶች ተነሥቶ አንድ ወሰን አሰላ። ውኃው ከዚያ ወሰን በታች እስከተማሰለ ድረስ ወጪያቸው ከገቢያቸው ይበልጣል፤ በጸደይ ከወሰኑ በላይ ሲረጋ ግን ባሕሩ ያብባል።

ስሌቱ እንዲቀል ሲል የዕፅዋቱ ምርት ከብርሃኑ ጋር በቀጥታ እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ አድርጎ ወስዷል። ዛሬ እንደሚታወቀው እነሱ እንዲህ ግትር አይደሉም። ጥላ ሲበዛባቸው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ክሎሮፊላቸውን ያበዛሉ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ይቀንሱና ከኃይለኛ ፀሐይ የሚከላከሉ ቀለሞችን ያመርታሉ።

ስቨርድሩፕ በ1957 አረፈ። በ2010 አሜሪካዊው ማይክል ቤረንፌልድ የሳተላይት መረጃ ይዞ ንድፈ ሐሳቡ ይተው ሲል ጻፈ። በሰሜን አትላንቲክ የዕፅዋቱ ብዛት መጨመር የሚጀምረው በክረምት አጋማሽ፣ ውኃው ከላይ እስከ ታች በሚማሰልበት ጊዜ መሆኑን አሳየ። ሌሎች ደግሞ ለስቨርድሩፕ ቆመው ተከራከሩ፤ ክርክሩም ቀጠለ።

ልዩነቱን ልብ በሉ። የሰውየው ንድፈ ሐሳብ የተከሰሰው በአደባባይ፣ በከሳሹ ስም፣ በማስረጃ ነው፤ መከላከያም ተሰምቶለታል። ሰውየው ራሱ ግን ይህ አልተፈቀደለትም። ስለ ውኃ ለሚነገር ቃል ማስረጃ የሚጠይቅ ተቋም፣ ስለ ሰው ክብር ለሚነገር ቃል ከዚያ ያነሰ መጠየቅ አይገባውም።