ሐሰትን እምቢ ያሉት አባት

ልጆች! እግዚአብሔር ለሙሴ ከሰጣቸው ዐሥር ትእዛዛት አንዱ በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክር የሚያዝ ነው። ብርጭቆ ሰብራችሁ እናታችሁ ማን እንደ ሰበረው ስትጠይቅ ቁጣዋን ፈርታችሁ በታናሽ ወንድማችሁ አሳብባችሁ ታውቁ ይሆናል። ቁጣ እንዲህ ካስፈራ ሞትማ እንዴት ያስፈራ ይሆን? ሞት ሳያስፈራቸው ሐሰትን እምቢ ያሉ አንድ አባት ነበሩ። እርሳቸውም ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው።

አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በሰላሌ፣ በፍቼ አካባቢ ነው። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ጠንቅቀው ተምረው መምህር ኃይለ ማርያም ተባሉ። ለብዙ ዘመናት ለአገራችን ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ግን እርሳቸውና ሌሎች ኢትዮጵያውያን አባቶች ጵጵስና ተሾሙ፤ ስማቸውም ጴጥሮስ ተባለ።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገባ። አርበኞች ግን አልተገዙም። አቡነ ጴጥሮስም በደብረ ሊባኖስ ሆነው አርበኞችን ያጽናኑና ያበረታቱ ነበር። ሐምሌ 21 ቀን አርበኞች ከተማዋን ለማስለቀቅ ውጊያ ገጠሙ፤ ነገር ግን አልተሳካላቸውም። አቡነ ጴጥሮስም በጠላት እጅ ገቡ።

ጠላት ከእርሳቸው የፈለገው ቃላቸውን ነበር። አርበኞቹ ሽፍቶች እንደሆኑ እንዲናገሩ፣ ሕዝቡም ለኢጣልያ እንዲገዛ እንዲሰብኩ ጠየቃቸው። ይህ ለምን እንደሆነ አስተውሉ። ሕዝብ አባቱን ያምናል። መስቀል የያዘ እጅ ሐሰት ቢጽፍ፣ ወንጌል የሚሰብክ አንደበት ሐሰት ቢናገር ስንቱ ይሳሳት ነበር!

እሺ ቢሉ ከሞት የማምለጥ ተስፋ ነበራቸው። እርሳቸው ግን እንቢ አሉ። አርበኞቹ ለአገራቸው የቆሙ እንጂ ሽፍቶች አለመሆናቸውን መሰከሩ፤ ለጠላት የሚገዛውንም አወገዙ። ስለዚህ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በሕዝብ ፊት፣ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ጠላት ከአምስት ዓመት በኋላ ከአገራችን ወጣ። የእርሳቸው ሐውልት ግን ዛሬም በአዲስ አበባ ቆሞ ይታያል።

ልጆች! ስማቸው የሐዋርያው የቅዱስ ጴጥሮስ ስም መሆኑን አስታውሱ። ሐዋርያው ጌታችን በተያዘባት ሌሊት ፈርቶ ሦስት ጊዜ ካደ። ዶሮ ሲጮኽ ግን ጥፋቱን ዐውቆ ምርር ብሎ አለቀሰ፤ ጌታም ይቅር አለው። በኋላም ስለ ጌታው በሰማዕትነት ሞተ። እናንተም ዋሽታችሁ ከሆነ ሐሰቱን በሌላ ሐሰት አትሸፍኑ። ወደ እናታችሁ ሂዱና እውነቱን ንገሩ፤ ያሳበባችሁበትንም ወንድማችሁን ይቅርታ ጠይቁ። በትንሹ ነገር እውነት የለመደ አንደበት በትልቁ ፈተና ቀን አይናወጥም።

እግዚአብሔር አንደበታችንን ከሐሰት ይጠብቅልን፤ አሜን።

ጥያቄዎች
1. አቡነ ጴጥሮስ ጳጳስ ከመሆናቸው በፊት ማን ይባሉ ነበር?
2. ጠላት ምን እንዲናገሩ ጠየቃቸው? እርሳቸውስ ምን አደረጉ?
3. የሚታመን ሰው ቢዋሽ ጉዳቱ ለምን ይበዛል?
4. ሐዋርያው ጴጥሮስ ከካደ በኋላ ምን አደረገ? እናንተስ ከዋሻችሁ በኋላ ምን ማድረግ ይገባችኋል?