ከለንደን ዳርዊን፤ 19 ቀን ተኩል

የአውስትራሊያው አየር መንገድ ካንታስ በኖቬምበር 2021 /ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው/ ከዳርዊን ለንደን ያለማረፍ መብረር ጀምሮ ነበር። በኮሮና ምክንያት የፐርዙን መስመር ለጥቂት ወራት ወደዚያ አዛውሮት ነው። ርቀቱ 14 ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም፣ ጊዜው 17 ሰዓት ገደማ። እኔ ሰባት ሰዓት ካለፈ እግሬ ያብጣል፤ ይሁንና ይህ መስመር በተነሣ ቁጥር ትዝ የምትለኝ አንዲት ሴት አለች፤ ኤሚ ጆንሰን።

በ1903 እንግሊዝ ውስጥ ሀል በምትባል የወደብ ከተማ ከዓሣ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደች። ከሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቃ ለንደን ስትመጣ ያገኘችው ሥራ በአንድ የጠበቃ ቢሮ ታይፒስትነት ነበር። የሕግ ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ማለት ይኖርብናል። ሴቶችን ከጥብቅና ያገደው ክልከላ በእንግሊዝ የተነሣው በ1919 ነው። ሕጉ በሩን ቢከፍትም ወንበሩን የሰጠ አልነበረም፤ ባለ ዲግሪዋ የሰው ደብዳቤ ትተይባለች።

ደመወዟንና ምሽቷን ግን አንድ የአውሮፕላን ክበብ ወሰደው። በ1929 የአብራሪነት ፈቃድ አገኘች። በዚያው ዓመት የአውሮፕላን መካኒክነት ፈቃድም ጨመረች፤ ከእንግሊዝ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። ጋዜጦቹ ስለ መልኳና ስለ ልብሷ ብዙ ጻፉ። ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ ይህ ሁለተኛው ወረቀት ነው።

ሜይ 5 ቀን 1930 በ26 ዓመቷ ብቻዋን ከለንደን ክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ ተነሣች። ከዚያ በፊት የበረረችው ረዥሙ መንገድ ከለንደን እስከ ትውልድ ከተማዋ ነው። አውሮፕላኗ በ600 ፓውንድ የተገዛች፣ ከላይ ክፍት የሆነች፣ ሬዲዮ የሌላት አሮጌ ጂፕሲ ሞዝ ነበረች። ስሟ ጄሰን፤ የአባቷ የዓሣ ንግድ ምልክት ነው።

ባግዳድ ሳትደርስ የአሸዋ ማዕበል በረሃ ላይ አወረዳት። ማዕበሉ እስኪያልፍ ሻንጣዋን ጎማው ሥር ወትፋ፣ ሽጉጧን ይዛ ጠበቀች። ካራቺን በስድስተኛው ቀን ረገጠች፤ በ1928 በ15 ቀን ተኩል አውስትራሊያ የገባውን በርት ሂንክለርን በሁለት ቀን ቀድማው ነበር። ራንጉን አጠገብ ግን ኳስ ሜዳ ላይ አርፋ ቦይ ውስጥ ገባች። ክንፍና ፕሮፔለር ተሰበረ። እዚያው ከነበረ የቴክኒክ ተቋም ሰዎች ጋር ጠግና ስትነሣ የቀደመችው ሁሉ ባክኗል። ሜይ 24 ዳርዊን ደረሰች።

ክብረ ወሰን ልትሰብር ሄዳ በአራት ቀን ተበለጠች። እስቲ ሒሳቡን በሌላ መንገድ እንሥራው። መንገዱ 18 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ፍጥነቷ በሰዓት 140 ቢሆን፣ ሰማይ ላይ የቆየችው አምስት ቀን ተኩል ገደማ ነው። የቀረው ሁለት ሳምንት ምድር ላይ አለፈ፤ ነዳጅ መቅዳት፣ ሞተር መፈተሽ፣ ጥቂት እንቅልፍ። የዛሬው ተሳፋሪ የማያየው ይህንን ነው፤ ሌሎች ይሠሩለታልና።

በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ከፋብሪካና ከጣቢያ ወደ ጦር ሠፈር የምታደርስ አብራሪ ሆነች። ጃንዋሪ 5 ቀን 1941 ከብላክፑል ተነሥታ ኦክስፎርድ አጠገብ ወዳለ ሠፈር አመራች፤ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። አየሩ ክፉ ነበር። ከሰዓታት በኋላ ከመንገዷ ብዙ ርቃ ቴምዝ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ላይ በጃንጥላ ወረደች። ዋልተር ፍሌቸር የተባለ የመርከብ አዛዥ ሊያድን ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ዘሎ ገባ፤ እሱም በዚሁ ምክንያት ሞተ። የእሷ አስከሬን አልተገኘም፤ 37 ዓመቷ ነበር።