ዝናብን በቁጥር ያሳደደው ሰው

ጊልበርት ዎከር እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች ከተማ ተወለደ። በ1889 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፈተና አንደኛ ወጣ። ቡመራንግ የሚባለውንና ሲወረውሩት ዞሮ የሚመለሰውን የአውስትራሊያ ዱላ ያጠና ስለነበር ጓደኞቹ በዚያው ስም ይጠሩት ጀመር። ስለ ዝናብ ግን የተማረው ነገር አልነበረም።

በህንድ አገር በ1877 እና በ1899 የክረምቱ ዝናብ ቀረ። በተከተለው ረሃብ ሚሊዮኖች አለቁ። እርግጥ ጥፋቱ የሰማይ ብቻ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ረሃብ ጊዜ ቅኝ ገዢዎቹ እህል ወደ ውጭ መጫናቸውን አላቆሙም ነበር። ቢሆንም ዝናቡ እንደሚቀር አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ የሞት የሽረት ጥያቄ ሆነ። በ1904 ዎከር የህንድ አየር ጠባይ ምርምር ኃላፊ ሆኖ ሲሾም ይኸው ጥያቄ ጠበቀው።

ታዲያ ምን አደረገ? ከዓለም ዙሪያ የአየር ግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገብ ሰበሰበ። የዓባይ ሙላት ልክም ከመዝገቡ ውስጥ ነበረበት። የዓባይ ሙላት ማለት ደግሞ በአብዛኛው የእኛው ደጋ የክረምት ዝናብ ነው። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን ህንዳውያን ጸሐፊዎች ቁጥሩን ሁሉ በእጃቸው አሰሉት።

ከዚያም አንድ ነገር ብቅ አለ። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የአየር ግፊት ከፍ ሲል በህንድ ውቅያኖስ ላይ ዝቅ ይላል፤ ያኛው ሲወርድ ይኼኛው ይወጣል፤ ልክ እንደ ሚዛን። ዎከር ይህን የደቡብ ውዝዋዜ አለው። ምክንያቱን ግን ማስረዳት ስላልቻለ ብዙዎች ተጠራጠሩት። በ1924 ከህንድ ተመለሰ፣ እስከ 1934 ለንደን ውስጥ አስተማረ፣ በ1958 ሞተ።

መልሱ የመጣው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። በ1969 ያኮብ ብየርክኔስ የተባለ ሳይንቲስት ነገሩን ከባሕር ሙቀት ጋር አያያዘው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ምዕራብ ውሃው ስለሚሞቅ እርጥቡ አየር ቀሎ ይነሳል፣ ደመናና ነጎድጓድ ይሆናል፤ በቀዝቃዛው ምሥራቅ በኩል ደግሞ አየሩ ተመልሶ ይወርዳል። ይህን ዑደት በዎከር ስም ሰየመው። ሙቁ ውሃ ወደ ምሥራቅ የሸሸ እንደሆነ፣ ማለት ኤልኒኞ ሲመጣ፣ ዝናቡም አብሮ ይሸሻል። ያን ጊዜ የህንድም የኢትዮጵያም ክረምት ብዙውን ጊዜ ይጎድላል፤ በ2015 የደረሰብን ድርቅ ለዚህ ምስክር ነው።

ዛሬ ዓለም እየሞቀች ነው። አየሩ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ዶፉ ይበረታል። ለውጡን የምናውቀው ግን የቆየ መዝገብ ሲኖር ነው። እኛ ዕጩ መምህራን በምንመደብበት ትምህርት ቤት ደጃፍ አንድ ጣሳ አስቀምጠን የዝናቡን ልክ ከተማሪዎቻችን ጋር በየዕለቱ ብንመዘግብ ከልፋቱ ጥቅሙ ይበልጣል። የዎከርም ሥራ የተጀመረው ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች በየቀኑ ከጻፉት ቁጥር ነው።