ስሕተቱን በአደባባይ ያሳተመው ሐኪም

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት በሞያችንም ውስጥ ቦታ አለው። የባልንጀራችንን ሥራ ስንነቅፍ አንደበታችን ይረዝማል፤ በራሳችን እጅ ስላለፈው ሕመምተኛ ስንጠየቅ ግን ቃላችን ያጥራል። ይህን ልማድ ገና በወጣትነቱ የተዋጋ አንድ ሩሲያዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር፤ ስሙም ኒኮላይ ኢቫኖቪች ፒሮጎቭ ይባላል።

ፒሮጎቭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1810 በሞስኮ ተወለደ። በ14 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከዚያም ዛሬ ታርቱ በምትባለው በኤስቶኒያዋ ከተማ በዶርፓት የቀዶ ጥገናን ጥበብ አጠና፤ በጀርመን አገር ዕውቀቱን ካዳበረ በኋላም በ1836 በዚያው በዶርፓት ፕሮፌሰር ሆነ።

ሠላሳ ዓመት ያልሞላው መምህር በሹመቱ ማግሥት ዝናውን ሊያስፋፋ ይሻል ተብሎ ይገመታል። እርሱ ግን በ1837 እና በ1839 ባሳተማቸው የክሊኒኩ ዜና መዋዕሎች በሽታን ሲለይ የተሳሳተበትን፣ በሕክምናው የሳተውን፣ ከሥራው በኋላ የደረሰውን ሞት ሳይቀር ዘርዝሮ ጻፈ። መምህር ስሕተቱን ከደበቀ ተማሪው ያንኑ ስሕተት በሌላ ሕመምተኛ ላይ ይደግመዋል ብሎ ያምን ነበርና።

በ1841 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የሕክምናና የቀዶ ጥገና አካዳሚ ተዛወረ። በዚያ ባገኘው ሆስፒታል ቁስለኞች በመግልና በብክለት ያልቁ ነበር፤ የመድኃኒቱና የምግቡ ገንዘብም ይመዘበር ነበር። ፒሮጎቭ ጥፋቱን ፊት ለፊት ገለጸ፤ የአስተዳደሩም ጥላቻ ተነሣበት። ሆኖም ሌላውን የመረመረበት ሚዛን አስቀድሞ ራሱ የተመዘነበት ነበር።

በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ወደ ሴቫስቶፖል ሄዶ ቁስለኞችን እንደ ጉዳታቸው ክብደት መለየትን በሥርዓት አስያዘ፤ በጄሶ ማሰርንም በጦር ሜዳ በሰፊው ሠራበት። በመጀመሪያ የተጎዳ እጅና እግርን ቶሎ መቁረጥን ይደግፍ ነበር። ልምዱ ሌላ ባስተማረው ጊዜ ግን ያለ ኀፍረት አሳቡን ለውጦ፣ መቆረጥ የማያሻውን አካል ማዳን እንደሚገባ አስተማረ። በ1881 በዩክሬን በቪኒትሳ አጠገብ በምትገኘው ቪሽኒያ አረፈ።

እውነትን መናዘዝ የሞተውን አያስነሣም። የፒሮጎቭም ሕመምተኞች አልተነሡም። ነገር ግን የታመነ ስሕተት ለሚከተለው ሐኪም ማስጠንቀቂያ፣ ለሚቀጥለው ሕመምተኛም ጋሻ ይሆናል። ስለዚህ ውድ የሞያ ባልደረባ ሆይ፣ በስብሰባ ላይ የሌላውን ጥፋት ከማንሣትህ በፊት አስቀድመህ የራስህን መዝገብ ግለጥ።